ጠዋት ጠዋት ሰውነታችን ለምን ይተሳሰራል?

ከመኝታዎ ሲነሱ ጣቶችዎ አልጨበጥ ይሉዎታል? ወገብዎ ገትሮ ይይዝዎታል? የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እርምጃዎች ለመራመድ የቤቱን ምሰሶ መደገፍ ያስፈልግዎታል? በጤና ጣቢያ ደጃፍ ተራ ከሚጠብቁት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የሚያነሱት ችግር ይህ ነው። አንዱ «ቁርጥማት ነው» ይላል፤ ሌላዋ «ብርድ መትቶኝ ነው» ትላለች፤ ሦስተኛው ደግሞ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ዝም ይላል።

በዚህ ትምህርት የጠዋት መተሳሰር ከምን እንደሚመጣ፣ የትኛው በቤት ውስጥ ሊቃለል እንደሚችልና የትኛው ሳይውል ሳያድር በሐኪም መታየት እንዳለበት እንመለከታለን። ልዩነቱን ለማወቅ የሚረዳው ዋናው መሣሪያ ሰዓት ነው። ሰዓት ወይም ሞባይል ስልክ የሌለውም ሰው ቢሆን ዘዴ አለው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሌሊት በመገጣጠሚያዎቻችን ውስጥ ምን ይከናወናል?

ዶሮ የገነጠለ ሰው መገጣጠሚያ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ሁለቱ አጥንቶች በሚገናኙበት ቦታ ጫፋቸው በነጭ፣ ለስላሳና አንሸራታች ነገር የተሸፈነ ነው። ይህ ሽፋን ልም አጥንት ይባላል። በመካከላቸው ደግሞ የእንቁላል ነጭ የመሰለ ዝልግልግ ፈሳሽ አለ። የእኛም ጉልበት፣ ዳሌ፣ ትከሻና የጣት አንጓ የተሠራው በዚሁ መልክ ነው።

ይህ ፈሳሽ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ስንንቀሳቀስ ይቀጥናል፣ ዝም ስንል ይወፍራል። ሽሮ ሠርታችሁ ሳትነኩት ስታቆዩት እንደሚወፍርና በማማሰያ ሲያማስሉት መልሶ እንደሚላላ ማለት ነው። ሌሊት ለሰዓታት ሳንንቀሳቀስ ስንተኛ ፈሳሹ ይወፍራል፤ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ እንቅስቃሴዎች የሚከብዱትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪ ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከዚሁ ፈሳሽ ነው፤ ስንረግጥ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ስናነሳ መልሶ ይመጥጣል። ስለዚህ እንቅስቃሴ ለመገጣጠሚያ ቀለብ ነው ማለት ይቻላል። «አመመኝ» ብሎ ቀኑን ሙሉ የተኛ ሰው በማግሥቱ ይበልጥ ተሳስሮ የሚነሳውም ለዚህ ነው።

የወገብ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል ውኃ የሚይዙ ትራስ መሰል ነገሮች አሉ፤ ዲስክ ይባላሉ። ቀን ስንቆምና ስንሸከም ውኃቸው ይጨመቃል፤ ሌሊት ስንተኛ ደግሞ ውኃ ስበው ይነፋሉ። ጠዋት ቁመታችን ከማታው ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሚበልጠው በዚህ የተነሳ ነው። ያላመነ ሰው ማታና ጠዋት ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጎ ማየት ይችላል፤ ልጆች ይህን ሙከራ ይወዱታል። ነገር ግን የተነፋ ዲስክ የተወጠረ ስለሆነ እንደ ልብ አይታጠፍም። ከመኝታ እንደተነሱ ጎንበስ ብሎ ከባድ ዕቃ ማንሳት ወገብን የሚጎዳው ስለዚህ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። በካምፕ ኑሮ ደግሞ ውኃ የሚቀዳው አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ነው። ወገብ ለመታጠፍ በማይመችበት ሰዓት ከባዱ ሸክም ይመጣል ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር በደማችን ውስጥ የሚገኝ ነው። ሰውነታችን ኮርቲሶል የሚባል፣ ብግነትን የሚያበርድ ቅመም ያመርታል። መጠኑ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅተኛ ሲሆን ወደ ንጋት ሲቃረብ ከፍ ይላል። ጤነኛ ሰው ይህን አያስተውለውም። በመገጣጠሚያው ውስጥ ብግነት ያለበት ሰው ግን ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ብግነት ቀስቃሽ ንጥረ ነገሮች በደሙ ውስጥ ስለሚበዙ ጠዋት ጣቶቹ አብጠውና ደርቀው ያገኛቸዋል።

ብርድስ?

«ብርድ አጥንቴ ውስጥ ገባ» የሚለው አባባል ከአባቶቻችን የመጣ ነው፤ ፈጽሞ ከንቱ ነው ብለን የምናጣጥለው አይደለም። ብርድ ጡንቻ እንዲኮማተር ያደርጋል፣ የታመመ መገጣጠሚያም በብርድ ይበልጥ ይሰማዋል። ጋቢ ደርቦ መተኛት ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ብርድ ከውጭ ገብቶ አጥንት ውስጥ አይቀመጥም፤ ጣትንም አያጣምምም። በሞቃት አካባቢ፣ ሌሊቱን ላብ በላብ ሆኖ ያደረ ሰውም እኮ ጠዋት ተሳስሮ ይነሳል። ጉዳቱ የሚመጣው ሰዎች «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» እያሉ ወራት ሲያሳልፉ ነው።

ደቂቃውን ይቁጠሩ

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። ሐኪሙ ሊያውቅ የሚፈልገው መተሳሰርዎን ብቻ ሳይሆን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ነው። ከመኝታዎ ከተነሱበት ደቂቃ ጀምሮ ሰውነትዎ «ዛሬ ከዚህ በላይ አይላላም» እስከሚሉበት ድረስ ይቁጠሩ። ሕመሙ ጨርሶ እስኪጠፋ አይደለም፤ እስኪፍታታ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ይመዝግቡ። ስልክ የሌለው ሰው በሥራ ይለካው፦ ፊቴን ታጥቤ ስጨርስ ለቀቀኝ፤ ቡናው አቦል እስኪወርድ ቆየ፤ ልጆቹ ለምሳ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ገና ነበርኩ። እንዲህ ያለው አነጋገር ለሐኪም «በጣም ያመኛል» ከሚለው እጅግ የተሻለ ነው።

መተሳሰሩ በጥቂት ደቂቃ የሚለቅ ከሆነና ከከባድ ሥራ ወይም ከምቾት የለሽ መኝታ በኋላ የመጣ ከሆነ አያሳስብም። እስከ 30 ደቂቃ የሚቆይ፣ በተለይም ዕድሜያቸው በገፋ ወይም ለዓመታት ሸክም በተሸከሙ ሰዎች ጉልበት፣ ዳሌና የጣት ጫፍ አንጓ ላይ የሚታይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የልም አጥንት መሳሳት ነው። ይህ ሕመም ሲሠሩ ውለው ወደ ማታ ይብሳል፤ ሲያርፉ ቀለል ይላል። ተቀምጠው ሲነሱም ለጥቂት እርምጃ ይይዛል።

ከ30 ደቂቃ በላይ፣ በተለይ ደግሞ 1 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይ መተሳሰር ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ የብግነት ምልክት ነው፤ ወደ ሐኪም ያስኬዳል። የአሜሪካ የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው መመዘኛ ላይ ቢያንስ 1 ሰዓት የሚቆይና ለ6 ሳምንት የዘለቀ የጠዋት መተሳሰር ሩማቶይድ አርትራይተስ ለሚባለው በሽታ ከምልክቶቹ አንዱ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አዲሱ መመዘኛ ይህን ነጥብ አልያዘውም፤ ሐኪሞች ግን ዛሬም ይጠይቁታል። 6 ሳምንት እስኪሞላ መጠበቅም አያስፈልግም።

ጣት የሚያጣምመው በሽታ

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያዎች ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል፤ በወጣትነትም ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ «የእርጅና ነው» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በሁለቱም እጆች፣ በጣቶች ግርጌና መካከለኛ አንጓዎች፣ በእጅ አንጓና በእግር ጣቶች ግርጌ ላይ ነው። አንጓዎቹ ያብጣሉ፤ ሲነኳቸው ዱባ ለስለስ እንደሚል ረገብ ይላሉ። አንድ ቀላል ምልክት አለ፦ ሰላምታ ሲለዋወጡ እጅዎ ሲጨበጥ ያመኛል ብለው እጅዎን መስጠት ከፈሩ ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ።

እስቲ ዕድሜያቸው 38 ዓመት የሆነ አንዲት እናትን እናስብ። ጠዋት የጀሪካን ክዳን መክፈት አቅቷቸዋል። ሊጥ ማቡካት፣ ክብሪት መጫር፣ የልጅ ቁልፍ መቆለፍ አይችሉም። ሥራውን የ11 ዓመቷ ልጃቸው ስለምትሠራው ትምህርት ቤት ሁልጊዜ አርፍዳ ትደርሳለች። እናትየው ብርድ ነው ብለው ሦስት ወር ታገሡ። ከዚያ ከገበያ በፍሬ የሚሸጥ ክኒን ገዙ፤ ሁለት ወር ተሻላቸው፣ ፊታቸውም ሞላ፤ «ወፈርሽ» እያሉ ጎረቤቶች ደስ አላቸው። ገንዘብ አልቆ ክኒኑ ሲቋረጥ ግን ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ አስተርጓሚው «ሰውነቷን ያማታል» ብሎ ተረጎመ፤ ፓራሲታሞል ተሰጣቸው። ሁለተኛም ጊዜ እንዲሁ። በሦስተኛው ጊዜ ሌላ በጎ ፈቃደኛ «እስከ ስንት ሰዓት ይይዝዎታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ልጆቹ ለምሳ እስኪመጡ» አሉ። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ እጃቸውን ያየው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ታሪክ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ለብዙዎች እንግዳ አይደለም። የዚህ በሽታ መድኃኒት የበለጠ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲጀመር ነው። አንዴ የተጣመመ ጣት በክኒን አይቃናም። በሽታውን የሚያረግቡት መድኃኒቶች ከካምፕ ጤና ጣቢያ ላይገኙ ስለሚችሉ ሪፈር መጻፍ ሊያስፈልግ ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ሜቶትሬክሴት ይባላል፤ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የወሰደው ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ነፍሰ ጡርም አትወስደውም።

ሌላ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ በሽታ ወጣቶችን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ዓመት በታች ያሉትን የሚይዝ የአከርካሪ ብግነት ነው። ወገብና መቀመጫ አካባቢ ያማል፤ ከ3 ወር በላይ ይቆያል፤ ሌሊቱ ሲጋመስ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። መለያው ምንድን ነው ቢባል፣ በእረፍት ይብሳል፣ በእንቅስቃሴ ግን ይሻላል። ሸክም ያመጣው የወገብ ሕመም የዚህ ተቃራኒ ነው። «ኳስ ስጫወት ይተወኛል፣ ስተኛ ይመጣል» የሚል ወጣት ካለ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትለፉት።

በአካባቢያችን ልናስባቸው የሚገቡ ተላላፊ በሽታዎች

የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ከመገጣጠሚያ አይጀምርም። በምሥራቅ አፍሪካ ከብት፣ ፍየልና ግመል በሚረባበት ቦታ ሁሉ ብሩሴሎሲስ አለ። ያልተፈላ ወተት በመጠጣት ወይም የወለደችን ፍየል በባዶ እጅ በመርዳት ይይዛል። ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፤ ሌሊት ያልባል፤ ወገብና ዳሌ ይተሳሰራል፤ ሰውየው ይዝላል። ወባ ተብሎ ደጋግሞ የታከመ፣ ግን ያልዳነ ሰው ካለ ስለ ወተቱ ይጠየቅ። ሕክምናው ሁለት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ ቢያንስ ለ6 ሳምንት መውሰድ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ በሽታውን መልሶ ያመጣዋል። ከአካባቢው ነዋሪ የሚገዛ ወተት ጣፋጭና ትኩስ ቢሆንም እስኪፈላ ይጣድ።

የአከርካሪ ቲቢም አለ። ለሳምንታትና ለወራት እያደር የሚብስ የጀርባ ሕመም፣ ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ፣ ጀርባ ላይ እንደ ጉብታ የወጣ አጥንት ምልክቶቹ ናቸው። ሳል ላይኖር ይችላል። ሳል የለኝምና ቲቢ አይደለም ማለት ስሕተት ነው።

ቺኩንጉንያ በቀን በምትናደፍ ትንኝ የሚተላለፍ ነው። ስሙ በደቡብ ታንዛኒያና በሞዛምቢክ ከሚነገረው ከማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ሲሆን መጎበጥን ያመለክታል፤ ሕመምተኛው ከሕመሙ የተነሳ ጎብጦ ስለሚሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በኬንያ ላሙ፣ በ2016 በማንዴራ፣ በ2019 ደግሞ በድሬዳዋ ብዙ ሰው ይዞ ነበር። ትኩሳቱ በጥቂት ቀናት ይለቃል፤ የጣትና የቁርጭምጭሚት መተሳሰሩ ግን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ለወራት ይቆያል። ትንኟ የምትራባው በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስለሆነ በርሜልና ባልዲ ይከደን።

ልጅዎ ከጉሮሮ ሕመም ከሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን ጉልበቱን፣ በሌላው ቀን ክርኑን አመመኝ ካለ፣ ትኩሳትም ካለው፣ «እያደገ ነው» ብለው አይለፉት። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። የመገጣጠሚያው ሕመም ያልፋል፤ የልብ ክዳኖች ጉዳት ግን ሊቀር ይችላል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ ልጁ ጤነኛ ቢመስልም እንዳይቋረጥ።

ሪህ የሚለውን ቃል ሰዎች ለማንኛውም የመገጣጠሚያ ሕመም ይጠቀሙበታል። ሐኪሞች ሪህ የሚሉት ድንገት፣ ብዙ ጊዜ በሌሊት፣ የእግር አውራ ጣትን አሳብጦና አቅልቶ የሚያስጮኸውን ነው።

በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስሄዱ ምልክቶች

አንድ መገጣጠሚያ ብቻ በድንገት አብጦ፣ ቀልቶ፣ ትኩስ ሆኖ ትኩሳት ከተጨመረ መግል ሊሆን ይችላል፤ በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ያበላሻል። ልጅ መራመድ እምቢ ካለ፤ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ከዛለ፣ በብልቱ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው፤ አንገት ከትኩሳትና ከራስ ምታት ጋር ከደረቀ፤ መንጋጋ አልከፈት ካለ፤ እነዚህ የጠዋት መተሳሰር አይደሉም። ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። አንገት ማድረቁ ማጅራት ገትር፣ መንጋጋው ቴታነስ ሊሆን ስለሚችል ወደ ወጌሻ ወስዶ ማሳሸት ጊዜ ማባከን ነው።

ወጌሻን በሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። የደከመ ጡንቻን ቀስ አድርጎ ማሸት ያፍታታል፤ ክፉ አይደለም። ያበጠና የሚያቃጥል መገጣጠሚያን መጎተትና መጫን ግን ጉዳት ያደርሳል። ዋጌምት ከተደረገም አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው እንዳይሆን፤ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ይተላለፉበታል።

በገበያ ስለሚሸጡ ክኒኖች

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ይህ ነው። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉት መድኃኒቶች ኮርቲሶል የሚሠራውን ሥራ ይሠራሉ፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ተአምር ያሳያሉ። በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ይጠቅማሉ። ስማቸው ሳይታወቅ፣ ያለ ማሸጊያ፣ በፍሬ ተገዝተው ለወራት ሲወሰዱ ግን ፊት ያሳብጣሉ፣ የደም ስኳርና ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ፣ ተደብቆ የነበረ ቲቢ ይቀሰቅሳሉ። ለረጅም ጊዜ የወሰዳቸው ሰው በድንገት ማቆም የለበትም፤ ሰውነቱ የራሱን ኮርቲሶል ማምረት አቁሞ ስለሚሆን ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። እንዲህ ያለ ክኒን እየወሰዱ ከሆነ አይፈሩ፤ የቀረዎትን ፍሬ ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያስቀንስዎታል።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ሕመም ያስታግሳሉ፤ ነገር ግን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት ሳይጠይቁ አይውሰዷቸው። ከምግብ በኋላ ይወሰዳሉ፤ ሁለቱን በአንድነት መውሰድ ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አይጨምርም። ፓራሲታሞል ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ ካለፈ ጉበት ያበላሻል።

ጠዋት በቤትዎ ምን ያድርጉ?

ከመነሳትዎ በፊት፣ እዚያው እንደተኙ ይጀምሩ። ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከዚያም ዙሪያውን ያንቀሳቅሱ። ጣቶችዎን ቀስ ብለው ጨብጠው ይዘርጉ፤ 10 ጊዜ ያህል ይበቃል። አንድ ጉልበት አጥፈው ወደ ደረት ይሳቡ፣ ይልቀቁ፣ ሌላውን ይድገሙ። ሲነሱ በቀጥታ ከመቀመጥ ወደ ጎን ዞረው በክንድዎ ተደግፈው ይነሱ። ሕመሙ በሚቆርጥበት ቦታ ላይ አይታገሉ፤ እስከሚፈቅድልዎ ድረስ ብቻ ይሂዱ።

ሙቀት ይረዳል። ለሻይ ከተፈላው ውኃ ጥቂት ቀዝቃዛ ቀላቅለው እጅዎን ለ10 ደቂቃ መንከርና በውስጡ ጣቶችዎን ማንቀሳቀስ ይችላሉ። ማገዶ በሚቆጠርበት ቤት ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ያው ውኃ በኋላ ዕቃ ይታጠብበታል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እጁና እግሩ ሙቀት ላይለይ ስለሚችል ውኃውን ሌላ ሰው ይሞክርለት።

ከተቻለ ከተነሱ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ጎንበስ ብለው ከባድ ነገር አያንሱ። የቦኖው ወረፋ ማለዳ ከሆነና ሌላ ሰው ከሌለ፣ በ10 ሊትር ሁለቴ መመላለስ በ20 አንዴ ከመሸከም ይሻላል። ሲያነሱ ከጉልበትዎ ቁጢጥ ብለው ጀሪካኑን ወደ ሰውነትዎ ያስጠጉ፤ እያነሱ ወገብዎን አይጠምዝዙ።

ባዶ መሬት ላይ ሰሌን ብቻ አንጥፎ መተኛት ዳሌና ትከሻን ያደክማል። ብርድ ልብስ ወይም ካርቶን ከሥር ይደርቡ። በጎን ሲተኙ በሁለቱ ጉልበቶች መካከል የታጠፈ ነጠላ ማድረግ ወገብን ያሳርፋል። ጉልበቱ ያበጠ ሰው ግን ከጉልበቱ ሥር ትራስ አድርጎ ማደር የለበትም፤ ሲለምድበት እግሩ አልዘረጋ ይላል።

እንቅልፍ ያጣ ሰውም ተሳስሮ ይነሳል። ሌሊቱን ስለቀረ ቤተሰብ፣ ስላልመጣ መልስ እያሰበ ሲገላበጥ ያደረ ሰው ጡንቻው አላረፈም። ሕመሙ እውነተኛ ነው እንጂ የአእምሮ ፈጠራ አይደለም። የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚሰጡ ሠራተኞችን ማነጋገር ሕክምና ነው።

ለበጎ ፈቃደኞች

በየብሎኩ ስትዞሩ ወይም በምርመራ ክፍል ስታስተረጉሙ ቃላቱን ለያይታችሁ ያዙ። መተሳሰር፣ ሕመም፣ ድካምና መደንዘዝ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ሰውነቴ ተሳሰረ» የሚለውን «ያማታል» ብላችሁ ከተረጎማችሁት ሐኪሙ ስለ ደቂቃው አይጠይቅም። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ራሳችሁ ጠይቁ፤ መልሱን አሳጥራችሁ ሳይሆን እንደተነገረ አስተላልፉ። ታማሚው ከመግባቱ በፊት፣ ወረፋ ላይ እያለ፣ አምስት ነገር በካርዱ ጀርባ ብትጽፉለት የሐኪሙን ጊዜ ታተርፋላችሁ፦ ከተነሳ በኋላ ስንት ደቂቃ፤ ከጀመረው ስንት ሳምንት፤ የትኞቹ አንጓዎችና ያበጡ መሆናቸው፤ ትኩሳት፣ ላብ ወይም ክብደት መቀነስ መኖሩ፤ ምን ክኒን እንደወሰደ። የመጨረሻውን ሰው ፊት አትጠይቁ፤ ከገበያ መግዛቱን በጎረቤቶቹ ፊት የሚያምን የለም።

ሪፈር የተጻፈላቸው ሰዎች ቀጠሮ ጠዋት ከሆነ ደግሞ አስቡበት። እስከ 5 ሰዓት የማይፍታታ ሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት መኪና ላይ መድረስ አይችልም፤ መኪናው ጥሎት ይሄዳል፣ በመዝገቡም ላይ «አልመጣም» ተብሎ ይጻፋል። ከዋዜማው ማን እንደሚቀሰቅሰውና ማን ደግፎ እንደሚያመጣው ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ፤ ብቻውን የሚኖር ከሆነ ለመኪናው አስተባባሪ ስሙንና ቤቱን አስቀድማችሁ አስመዝግቡ።